ሱዙኪዬን ከፍ አድርጉልኝ ብዬ ሄጄ ትራንስፈር አስቀይሬ ተመለስኩ

ታፔላ የለውም። ተክለሃይማኖት አካባቢ ዝገት የበላው የቆርቆሮ በር አለ። በሩ ላይ በነጭ ቀለም «መኪና ማቆም ክልክል ነው» ተብሎ ተጽፏል፤ ፊት ለፊቱ ግን መቼም ሦስት አራት መኪና አይጠፋም። ጋራዡ እሱ ነው። ስሙ ማን ይባላል ብዬ ስጠይቅ አንዱ ልጅ «እኛን የማያውቅ አለ እንዴ?» አለኝ። እኔ አላውቅም ነበር። አሁን አውቃለሁ፣ 19 ቀን ተመላልሼበታለሁና። የሚመሰገነውንም የሚወቀሰውንም ስለምጽፍ ግን በሩን በሩቁ አሳይቻችሁ ልለፍ።

መኪናዋ ሱዙኪ ሳሙራይ ናት። ኤስጄ 413 የሚሏት፣ 1.3 ሞተር፣ ባለ 5 ማርሽ፣ ከፊትም ከኋላም ባሌስትራ (መኪናውን የሚሸከመው የተደራረበ የብረት ቅጠል)። አባቴ ከአንድ መሥሪያ ቤት ጨረታ ላይ ነው ያወጣት። በሊብሬዋ ከእኔ ሁለት ዓመት ታንሳለች፤ ወገቧ ግን ከእኔ ወገብ ይሻላል። በ2016 ነዳጅ የሚጠጡ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ አሮጌ መኪና ያለን ሰዎች «ልሽጣት» ማለት ትተን «ላሳድሳት» ማለት ጀምረናል መሰለኝ። ቢያንስ እኔ ጀምሬያለሁ።

ችግሬ ሁለት ነበር። አንደኛው እናቴ ናት። ማለቴ እናቴ ቤት የሚወስደው መንገድ። ከሸኖ ወረድ ብሎ ነው፣ ዋልካ ነው፣ ክረምት ሲገባ ትራክተሩና አይሱዙው ግራና ቀኙን ቦይ ያወጡለትና መሃሉ እንደ ፈረስ ጀርባ ተነስቶ ይቀራል። ሱዙኪዋ እዚያ ጀርባ ላይ በሆዷ ትተኛለች። አራቱም ጎማ እየዞረ መኪናው ካልሄደ በሬ መጥራት ነው።

ሁለተኛው ዳገት ነው። ይቺ ሞተር አዲስ ሆና እንኳን ከ60 ብዙም ያልበለጠ የፈረስ ጉልበት ነው የነበራት፣ እሱም ባሕር ዳርቻ ላይ ሲለካ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ 1 በመቶ ገደማ ይጥላል፤ አየሩ ይሳሳላ። ስለዚህ ከአምስት አንዱ ገና መኪናው ግቢ ውስጥ ቆሞ እያለ ሄዷል። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስወጣ ድሮ በሦስተኛ እስከ መንገዱ እኩሌታ እደርስና ሁለተኛ አስገባለሁ። ከኋላዬ ሚኒባሱ ይጮኻል። ለምጄዋለሁ።

ከዚያ በራሴ እጅ አባባስኩት። ባለፈው ዓመት ጎማ ልቀይር ሄጄ በ205/70 ባለ 15 ቸርኬ ፈንታ 235/75 አስገባሁ። ያምራል! ጎረቤት ሁሉ «አዲስ መኪና ገዛህ እንዴ» አለኝ። ግን አስሉት፤ የድሮው ጎማ ቁመቱ 66.8 ሴንቲ ሜትር ነው፣ የአሁኑ 73.3። ጎማው ወደ 10 በመቶ ረዘመ ማለት ነው። ጎማ ሲረዝም ደግሞ ማርሹ ሁሉ ይቀላል፤ ሦስተኛው እንደ አራተኛ፣ አራተኛው እንደ አምስተኛ ይሆንብሃል። አምስተኛ ማርሽ ጌጥ ሆነች። ከለገሃር በቸርችል ወደ ፒያሳ ሽቅብ ስወጣ በሦስተኛ መተንፈስ አቃታት። እንጦጦ ላይማ መታጠፊያው ጋ አንደኛ ያስገባሁበት ቀን አለ፤ አንድ አህያ ጭራሮ ተሸክማ ከጎኔ ስትሄድ ለረጅም ጊዜ ተያየን።

በዚህ ሁሉ መሃል ታዲያ እኔ ያሰብኩት ማርሽ አልነበረም። ከፍታ ነበር። ስልኬ ላይ ቪዲዮ አይቼ አይቼ ባሌስትራው ከአክሱሉ (ግራና ቀኝ ጎማውን ከሚያገናኘው ብረት) ሥር ወጥቶ ከላይ ሲቀመጥ መኪናው 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ እንደሚነሳ አውቄ ነበር። ሳሙራይ ሲሠራ ባሌስትራው ከአክሱሉ ሥር ነው የሚታሰረው፤ ከላይ ስታደርገው የአክሱሉንና የባሌስትራውን ውፍረት ያህል በአንድ ጊዜ ትነሳለህ። ብየዳ ብቻ ነው ብዬ ነበር። ሁለት ቀን።

ባለ ጋራዡን ጋሼ ነው የምንላቸው። ወደ 60 የሚጠጉ ናቸው፣ መነጽራቸው በክር ታስሯል። ቪዲዮውን አሳየኋቸው። እስከ መጨረሻው አዩት፣ ስልኩን መለሱልኝ፣ መኪናዋን በክሪክ አስነሱና ካርቶን ላይ ተኝተው ገቡ። «ና ግባ አንተም» አሉኝ። ሸሚዜ ነጭ ነበር። ገባሁ።

ዲፈረንሻሉን፣ አክሱሉ መሃል ያለውን የማርሽ ቋት፣ በቁልፍ ቀጭ ቀጭ አደረጉት። «ይሄን አየኸው? እናትህ መንገድ ላይ መጀመሪያ የሚነካው ይሄ ነው። ባሌስትራውን እስከ ሰማይ ብታነሳው ይሄ አይነሳም። አክሱሉ ላይ ነዋ ያለው። ይሄን የሚያነሳው ጎማ ብቻ ነው፣ ጎማውን ደግሞ ቀይረህልኛል።»

ዝም አልኩ። ልክ ናቸው። ከጎማው ያተረፍኩት የቁመቱን ግማሽ ነው፣ 3.3 ሴንቲ ሜትር ገደማ። 12 ሴንቲ ሜትር የማነሳው ሻንሲውንና ራሴን ነው።

ቀጠሉ። ባሌስትራው ላይ ሲወጣ የመሪው ዘንግ ይጋደላል፣ ጎማው ጉድጓድ በገባ ቁጥር መሪው በራሱ ይዞራል። የፍሬን ቱቦው ያጥራል። ጉልበቱን ወደ አክሱሉ የሚወስደው ሻፍት ማዕዘኑ ይጣመማል፣ መገጣጠሚያው ክሮቼራ ይበላል። ፍሬን ስትይዝ አክሱሉ ይጠመዘዛል። ደግሞ የጎማዎቹ መራራቅ ጠባብ ነው፤ ጠባብ ነገር ሲረዝም ይወድቃል። «እኔ መሥራት እችላለሁ። አንተ ቀለበት መንገድ ላይ ልትነዳው አትችልም» አሉኝ። እውነት ለመናገር ይሄን ያህል ዘርዝሮ «አልሠራልህም» ያለኝ ጋራዥ አይቼ አላውቅም። ከዚያ በፊት የጠየቅኋቸው ሁለት ቦታዎች «ይቻላል፣ ቀብድ ጣል» ነው ያሉኝ።

ታዲያ ምን ይሁን? ጋሼ ሁለት ነገር አሉኝ። ባሌስትራው ተኝቷል፣ እሱን እናስመታው፣ ከኋላ አንድ ቅጠል እንጨምር። ዋናው ግን የ410 ትራንስፈር ፈልግ።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ይሄ ነው። ትራንስፈር የሞተሩን ጉልበት ለፊትና ለኋላ አክሱል የሚያከፋፍለው ሳጥን ነው። ሱዙኪዋ ላይ ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ጋር አልተጣበቀም። ለብቻው በሦስት የላስቲክ ማሰሪያ ተንጠልጥሎ መሃል ላይ ተቀምጧል፣ ከካምቢዮው በአጭር ሻፍት ይገናኛል። ስለዚህ ካምቢዮ ሳይነካ ይወርዳል። ከሳሙራይ በፊት የነበረችው ባለ 1 ሊትሯ ኤስጄ 410 ጉልበቷ ትንሽ ስለሆነ ፋብሪካው ከባድ፣ ማለትም ቀርፋፋ ግን ጉልበት ያለው፣ ማርሽ ነው የሰጣት። የእሷ ትራንስፈር በተራው ማርሽ 1.58፣ በከባዱ 2.51 ነው። የእኔዋ 1.41 እና 2.27። ቁጥሩ መውጫው አንዴ እንዲዞር መግቢያው ስንት ጊዜ እንደሚዞር ነው። ልዩነቱ በተራው 12 በመቶ፣ በከባዱ ወደ 11 ይጠጋል። ጎማዬ የወሰደብኝ 10። ገባችሁ አይደል? የጎማውን ዕዳ ትራንስፈሩ ይከፍላል።

የሚገርመው ሁለቱ ትራንስፈሮች ከውጭ ሲታዩ መንትያ ናቸው ማለት ይቻላል። ሶማሌ ተራ ከጋሼ ጋር ሄድን። ያን ሰፈር ለማያውቀው፣ መኪና ተፈታቶ በየዘመዱ የሚደረደርበት ቦታ ነው፤ እዚህ በር፣ እዚያ ቴስታታ፣ ወዲያ የመብራት ቁልል። አምስተኛው ሱቅ ላይ አንድ በግራሶ የተለወሰ ትራንስፈር ከቸርኬ ክምር ሥር ተጎትቶ ወጣ። ሻጩ «የ410 ነው፣ ማርያምን» አለ። ጋሼ መልስ አልሰጡትም። ከኪሳቸው ጠመኔ አወጡ። መግቢያውም ላይ መውጫውም ላይ አንዳንድ መስመር አሰመሩ። ከዚያ መግቢያውን በእጃቸው እያዞሩ እኔ መውጫውን እንድቆጥር አዘዙኝ። መውጫው 10 ሲሞላ እሳቸው 16 ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ላይ ነበሩ። የእኔዋ ዓይነት ቢሆን 14 ላይ ነበር የሚቆሙት። ሻጩ ሲስቅ «ጋሼ፣ ሊጥ እያቦኩ ነው እንዴ?» አላቸው። ጋሼ እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው «አዎ፣ ዋጋውን ንገረኝ ሳይቦካብኝ» አሉት።

32 ሺህ ብር ተባልን፣ 26 ሺህ ላይ ተስማማን። በቴሌብር ከፈልኩ። ለሁለት ተሸክመነው ታክሲ ፍለጋ ስንሄድ ሱሪዬ ላይ የፈሰሰው ዘይት እስካሁን አለቀቀም።

እስከዚህ ሁሉም ደስ ይላል። አሁን ወቀሳው።

አራት ቀን ነው የተባልኩት። 19 ቀን ፈጀ። የገዛነው ትራንስፈር ከጥንቶቹ ነበር፤ የጥንቶቹ 410ዎች የእጅ ፍሬናቸው ጎማው ጋ ሳይሆን ትራንስፈሩ መውጫ ላይ ነው፣ ታምቡር አላቸው። ያ ወልቆ የእኔ ሻፍት የሚገጥምበት ሥራ ቶርኖ ቤት ሄደ። ቶርኖ ቤቱ ወረፋ አለው። ወረፋው ሲደርስ መብራት የለም። መብራት ሲመጣ ባለ ቶርኖው ለቅሶ ሄዷል። ይሄን ሁሉ እረዳለሁ። የማልረዳው በየቀኑ ስደውል «ነገ ና» መባሌን ነው። ነገ እሄዳለሁ፤ መኪናዬ ሆዷን ከፍታ እንደተሰቀለች ናት፣ ውስጧ አንድ ልጅ ምሳውን እየበላ ነው። «አልደረሰም፣ ሳምንት ጠብቅ» ቢሉኝ ምን ነበረበት? ታክሲ ላይ ያወጣሁት ብር ራሱን የቻለ ጎማ ይገዛል።

ባሌስትራው በሌላ ሰው ነው የተመታው፣ ጋሼ የሚያምኑት አንድ ሰው ጋ። በብርዱ ነው የመታው። ይሄን የምለው አንዳንድ ቦታ በእሳት አግለው ስለሚያጎብጡ ነው። ለጊዜው ያምራል፣ ብረቱ ግን ጠባዩን ያጣል፣ በስድስት ወር ተመልሶ ይተኛል ወይ ይሰበራል። ሰውየው መዶሻውን አንድ ጣት፣ አንድ ጣት እያሳለፈ ከዳር እስከ ዳር ሲመታ ቆሜ አየሁት። ድምፁ ደወል ነው። ከኋላ ከአሮጌ ፒክአፕ የወጣ አንድ ቅጠል ተቆርጦ ተጨመረ፣ ጎሚኒዎቹ በሙሉ በአዲስ ተቀየሩ፣ አራት ረዘም ያሉ ሾኮች ገቡ።

የባሌስትራው ማንጠልጠያ ብረት ይርዘምልኝ ብዬ ነበር። ርካሽ ነው፣ ብዙ ሰውም ያደርገዋል። ከኋላ ትንሽ አስረዘሙልኝ፣ ከፊት እምቢ አሉ። ሱዙኪዋ ላይ የፊቱ ማንጠልጠያ ያለው የባሌስትራው የፊት ጫፍ ላይ ነው። እሱ ሲረዝም አክሱሉ ወደ ፊት ይደፋል፤ መሪው ከተጠመዘዘ በኋላ በራሱ መመለሱን ያቆማል፣ በፍጥነት ስትሄድ መኪናው እንደ ሰከረ ሰው ይንገዋለላል። ይሄንንም ያወቅሁት ካርቶን ላይ ተኝቼ ነው።

ሲያልቅ ከቸርኬው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ለካሁ። ከድሮው በ5 ሴንቲ ሜትር ጨምሯል። የፍሬን ቱቦዎቹም በረዘሙ ተቀይረዋል፤ ይሄን ሳልጠይቅ ነው የሠሩት፣ ለዚህ ትልቅ ምስጋና አለኝ።

በ19ኛው ቀን ተረከብኩ። ደስ ብሎኝ በሜክሲኮ አድርጌ ወደ ሳር ቤት ስነዳ 50 ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረች። 60 ላይ የኋላ ማያ መስታወቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁለት ሆነ። ከፍሪሲዮኑ ነው ብዬ ፈራሁ። ዞሬ ተመለስኩ። ጋራዡ ውስጥ «አዲስ ጎማ ስለሆነ ነው፣ ይለምዳል» ያለኝ ልጅ አለ፤ ስሙን ባውቀውም አልናገርም። ጎማው ዓመት ሊሞላው ነው! ጋሼ ከሰዓት መጡ፣ ሥር ገቡ፣ ሁለት ደቂቃ አልቆዩም። የኋላው ሻፍት ሲገጣጠም በጥርሱ አንድ ስቶ ገብቷል። በሻፍቱ ሁለት ጫፍ ያሉት ሹካዎች በአንድ መስመር መተያየት አለባቸው፤ ካልተያዩ አንዱ የሚያፋጥነውን ሌላው አያካክሰውም፣ ሻፍቱ እየተርገበገበ ይዞራል። ፈተው፣ አስተካክለው፣ መልሰው አሰሩት። ንቅንቅም የለም። ልጁን አልተቆጡትም። ሻፍቱን እያሳዩ «ዓይንና ዓይን» ብቻ አሉት። እኔ ግን ተቆጥቻለሁ። ሳይነዱት ነው የሰጡኝ። መኪና ፈቶ የገጠመ ሰው ሰንጋ ተራ ደርሶ ለመመለስ 10 ደቂቃ የለውም?

አሁንስ እንዴት ናት? እንጦጦን ወጣሁ። በሦስተኛ እኩሌታው ድረስ፣ ከዚያ ሁለተኛ። አዎ፣ ከድሮው ጋር አንድ ነው። ብሩን ሁሉ ያወጣሁት በፊት ወደነበርኩበት ለመመለስ ነው ብትሉኝ አልከራከርም፤ ሒሳቡም እንደዚያ ነው፣ ከጎማው ጋር ሲጣጣ የተረፈኝ 2 በመቶ ነው። ልዩነቱ ግን አሁን ከመሬት ከፍ ብዬ ነው የምወጣው። ሆዷ ከድሮው 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ተነስቷል፣ ዲፈረንሻሉ 3 ምናምን። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ እናቴ ጋ ሄድኩ። ያቺ የፈረስ ጀርባ ዲፈረንሻሉን ሁለት ጊዜ ላሰችው፣ ሻንሲውን አልነካችም። ከባዱን ማርሽ አስገብቼ እግሬን ከነዳጁ አንስቼ በሁለተኛ ለቀቅኋት፤ ዋልካውን እያኘከች በራሷ ወጣች። በሬ አልተጠራም።

መጥፎው ከኋላ መጠንከሯ ነው። ጭነት ሲኖር ግሩም ናት። ባዶዋን ኮብልስቶን ላይ ግን ጥርስ ታጋጫለች። እናቴን አዲስ አበባ ሳመጣት «ልጄ፣ በቅሎው ይሻለኝ ነበር» አለችኝ። የተጨመረው ቅጠል ነው። ሁለት ሰው ብቻ የምትጭኑ ከሆነ ቅጠሉን ተዉት፣ የተመታው ይበቃል። ትራንስፈሩ ደግሞ ያፏጫል፤ በተለይ በአራተኛ ነዳጅ ሲለቀቅ። አሮጌ ትራንስፈር ያፏጫል ይላሉ ጋሼ። ኩሽኔታውን ሳይቀይሩ ስለገጠሙት ነው እላለሁ እኔ። ለመክፈት ለመክፈት አብሮ ቢቀየር ምን ይጎድል ነበር።

ፍጥነት መለኪያውን አትመኑ። ገመዱ የሚነሳው ከትራንስፈሩ መውጫ ስለሆነ የማርሹ ለውጥ አይነካውም፣ ጎማው ግን ይነካዋል። 60 ሲል በእውነቱ 66 ናችሁ። እኔ በስልክ አመሳክሬዋለሁ። ቦሎ ስሄድ ፍሬኗንና መብራቷን አዩ፣ አለፈች። የቪታራ 1.6 ሞተር ይግባላት ያለኝ ሰው ነበር፤ ጉልበቱ እንደሚያምር አልጠራጠርም፣ ግን ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥር አለ፣ እሱን ለማስቀየር የሚሮጠው ሩጫ ለእኔ አይሆንም።

የእጅ 38 ሺህ ነው የተቀበሉኝ፣ ቶርኖውና ባሌስትራ መቺው ለብቻ። ደረሰኝ የለም፤ ሒሳቡ የተጻፈው በሾክ ካርቶን ጀርባ ላይ ነው። ዘይቱን ራሴ ነበርኩ የገዛሁት፣ እናንተም ራሳችሁ ግዙ፣ ጋራዥ ውስጥ ያለው በርሜል ከየት እንደመጣ አይታወቅም። ለትራንስፈሩ ከአንድ ሊትር ያነሰ ነው የሚበቃው።

እንግዲህ ለማን ይሆናል? ለሚቸኩል ሰው አይሆንም። አንድ መኪና ብቻ ላለውና በእሷ ልጅ ትምህርት ቤት ለሚያደርስም አይሆንም። ተኝቶ ለማየት ሸሚዙ ለማያሳሳው፣ ሻፍት ሲገጠም አጠገብ ቆሞ «ዓይንና ዓይን ነው?» ብሎ ለሚጠይቅ ግን ከእሳቸው የተሻለ እጅ እዚያ ሰፈር አላየሁም። ለፉጨቱ ማክሰኞ ቀጠሮ አለኝ። ማክሰኞ ሲሉ የትኛው ማክሰኞ እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም።

የድሮው ትራንስፈሬ ቤቴ በረንዳ ላይ ነው። ጋሼ «እንዳትሸጠው፣ አንድ ቀን ጎማውን ትመልስ ይሆናል» ብለውኛል። ላይኛው ፎቅ ያሉት በረንዳ ሲያጥቡ ውሃ እንዳያዝገው በማዳበሪያ ጠቅልዬዋለሁ። ባለቤቴ ስታልፍ ስታገድም በእግሯ ትነካዋለች፤ እስካሁን ምንም አላለችም።